ስለ ሆድ ድርቀትና ከመንዝ ስለ ተላከው ስንቅ

በቤታችን ስለ ሆድ ድርቀት በግልጽ መናገር እንደ ነውር ይቈጠራል። በሽተኛው ኵላሊቱ የደከመ ሰው ሲሆን ግን ይህ ዝምታ ሕክምናውን እስከ ማሰናከል ይደርሳል።

መንዝ ተወልዶ በውጭ ሀገር የሚኖር ወንድማችን፥ ኵላሊቶቹ ሥራቸውን ስላቆሙ፥ ፔሪቶኒያል ዲያሊሲስ በሚባለው ሕክምና ይረዳል። በሀገራችን በብዛት የሚሠራበት ሕክምና ደምን በመሣሪያ አጣርቶ የሚመልሰው ነው፤ በእርሱ ሕክምና ግን የተዘጋጀ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዱ ይገባል፤ በሆድ ውስጥ ባለው ስስ ሽፋን በኩል ቈሻሻውን ከደሙ ይስብና ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይወጣል።

አንድ ቀን ፈሳሹ ገብቶ አልወጣ አለ። ሁላችንም ቀዶ ሕክምናን ስንፈራ ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀው ደጅ ከወጣ ስንት ቀን እንደ ሆነው ነበር። አምስት ቀን ሆኖት ኖሯል! የቱቦው ጫፍ ከአንጀት አጠገብ ስለ ሆነ፥ የሞላ አንጀት ይጫነዋል፤ ከስፍራውም ይገፋዋል። አንጀቱ በመድኃኒት ሲለቀቅ ፈሳሹም ያለ ቢላዋ ወጣ።

እንዲህ ያለ በሽተኛ የሚጠጣው ብዙ ጊዜ በልክ ነው፤ ፎስፈረስን የሚይዙና ብረት ያለባቸው ክኒኖችም ሆድ ያደርቃሉ።

እናታችን ወሬውን ሲሰሙ በሶ፥ የገብስ ቆሎ፥ ተልባ፥ ሆዱንም እንዲያጥብለት ኮሶ ላኩ። ገብሱና ተልባው ለአንጀት የሚስማሙ መሆናቸውን በማወቃቸው እናታችን አልተሳሳቱም። ነገር ግን ተልባ የሚያብጠው በውኃ ነው፤ ያም ውኃ ከተፈቀደለት ልክ ላይ ይቈጠራል። የባቄላውና የአተሩ ሽሮም ፎስፈረስና ፖታሲየም ስላለበት በደም ምርመራው መጠን የሚበላ ሆነ። ኮሶውን እንኳ በፍጹም አላቀመስነውም። ማግኒዥየም ያለበት የሚያስቀምጥ ጨውና ፎስፌት ያለበት የሆድ ማጠቢያም እንደዚሁ ይከለከላሉ፤ የደከመ ኵላሊት እነዚህን ከሰውነት ማስወጣት አይችልምና። ሐኪሙ ያዘዘለት ላክቱሎዝ የተባለውን ጣፋጭ ሽሮፕና በየቀኑ መራመድን ነው።

ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እርሱም መጾም ወደደ። የነፍስ አባቱ የሐኪሙን ቃል ሰምተው እንደ አቅሙ ወሰኑለት። ያን ጊዜ እናታችን በስልክ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁት ደጅ ስለ መውጣቱ ሆነ፤ እርሱም ሳያፍር ይመልሳል።