የውሰት ጠጕር

የሰው ልጅ ከአካሉ ክፍል ሁሉ እንደ ፈቀደ ሊያሳጥረው፣ ሊያስረዝመው፣ ሊያጠቍረው ወይም ሊያቀላው የሚችለው ጠጕሩን ነው። አፍንጫችንን እንደ ተሰጠን ይዘን እንኖራለን፤ ቁመታችንም ከአንድ ዕድሜ በኋላ ምክር አይሰማም። ጠጕር ግን ባለቤቱ ያዘዘውን ይሆናል። ሰው ከጥንት ጀምሮ ዕድሜውን፣ ማዕርጉን፣ ሐዘኑንና ደስታውን በጠጕሩ ሲያስታውቅ የኖረውም ስለዚህ ይመስለኛል። በአገራችን ሕፃኑ ቁንጮ፣ ልጃገረዲቱ ሳዱላ፣ ወይዘሮዋ ሹሩባ ነበራት፤ ሐዘን የደረሰባትም ትላጭ ነበር። ያየ ሁሉ ሳይጠይቅ ይረዳ ነበር።

እኔ በዲላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ጠጕሬ ድሬድ ነው፤ ይኸውም ሳይበጠር ራሱን በራሱ እየገመደ ያደገ ነው። ከጀመርኩት አራት ዓመት ሆኖት ትከሻዬን ጥቂት አልፏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሁለት አሳብ ገብቶብኛል። አንደኛው ጫፉን የማር መልክ ማስቀባት ነው፤ ሁለተኛው እስከ ወገቤ ድረስ ማስቀጠል ነው። ነገሩ ከጸጉር ቤት ደጃፍ የማያልፍ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ባሰብኩት ቍጥር ከጠበቅሁት በላይ ሰፊ ሆኖ አገኘሁት።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዲላን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ያልተቈረጠ ጠጕር ብዙ ታሪክ አለው። ወደ ሰሜን ብንሄድ ሻሸመኔን እናገኛለን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1948 እ.ኤ.አ. በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ራስታዎች ሠፍረውባታል። እነርሱ ምላጭ በራሳቸው ላይ የማያሳርፉት በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የናዝራውያን ስእለት ተከትለው ነው። ወደ ደቡብ ስንወርድ የቦረና አገር ይመጣል፤ በዚያም በገዳ ሥርዓት የመጀመሪያው እርከን ላይ ያሉት ዳባሌ የሚባሉት ወንዶች ልጆች ጠጕራቸው ሳይቈረጥ እንደ ሴት ልጅ ያድጋል። ሞያሌን ተሻግረን ኬንያ ስንገባ ደግሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በጫካ ሆነው እንግሊዞችን የተዋጉትን የማው ማው አርበኞች እናስታውሳለን፤ የመሪያቸው የዴዳን ኪማቲ ፎቶግራፍ የተገመደ ጠጕሩን እስከ ዛሬ ያሳያል።

የእኛም አርበኞች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ ሲዋጉ ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነበር። ከዚያም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ በሹሩባቸው የታወቁ ነበሩ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ እንግሊዞች ጠጕራቸውን ቈርጠው ወሰዱት። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ለኢትዮጵያ የመለሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። አንድ አገር ሌላውን አገር ጠጕር መልስልኝ ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ነገሩ ተራ ጌጥ አይደለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዛሬ በከተማችን የተገመደ ጠጕር ያየ ሰው የሚያስበው ከሦስት አንዱን ነው፤ ወይ ባሕታዊ፣ ወይ እብድ፣ ወይ ራስታ። ጠመኔ የያዘች ሴት ከሦስቱ በአንዱም አትገባም። አንድ ቀን ገበያ ውስጥ አንዲት አሮጊት ትኵር ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ስእለት አለብሽ እንዴ?» አሉኝ። «የለብኝም እማማ» አልኋቸው። «እንግዲያውስ ቅቤ ቀቢው እንጂ!» ብለው ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። እኔ ግን ጥያቄያቸውን ይዤ ሄድኩ። ስእለት ባይኖርብኝም እንኳ ያለ ማንም ርዳታ ያደገውን ጠጕሬን እንዲያው እንደ ዋዛ አላየውም ነበርና።

ይህን ያጠናከረብኝ ደግሞ አንዲት ተማሪዬ ናት። ከክፍል ስወጣ ተከትላኝ፣ «ቲቸር፣ ይህ ጠጕር የራስዎ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የራሴ መሆኑን ነገርኋት። ሻሿን ጥቂት ገለጥ አድርጋ ግንባሯን አሳየችኝ፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከሰው ሠራሽ ጠጕር ጋር አጥብቀው ሲሠሯት ኖረው የፊተኛው ጠጕሯ ሸሽቷል። «የእኔም እንዲህ ያድጋል?» አለችኝ። «ጠብቀሽ አትሠሪው፤ ጊዜም ስጪው» ብዬ መለስሁላት። ከዚያ ወዲህ ራሷን አሳርፋለች። ሁለት ጓደኞቿም እንደ እርሷ አድርገዋል። እንግዲህ እኔ ወገቤን የሚያልፍ ጠጕር ይዤ ሰኞ ጧት ሰሌዳው ፊት ብቆም፣ እነዚያ ሦስት ልጆች ምን ይላሉ? በመጽሐፍ ያላስተማርኋቸውን ነገር በራሴ አስተምሬያቸዋለሁና ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

በመጀመሪያ ስለ ቀለሙ ላንሣ። ጥቍር ጠጕር የማር መልክ እንዲይዝ ቀለም ብቻ አይበቃውም፤ አስቀድሞ የተፈጥሮ ቀለሙን በሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህም የጠጕሩ የላይኛው ቅርፊት መከፈት አለበት፤ የተከፈተውም እንደ ቀድሞው አይገጥምም። ልቅ ጠጕር መድኃኒቱ በውኃ ቶሎ ይለቀዋል። ድሬድ ግን እንደ ገመድ ስለ ሆነ በውስጡ ይዞ ያስቀረዋል፤ የቀረውም ጠጕሩን እያደረቀ ያሰባብረዋል። አጥብቆ ማጠብ አለ እንዳንል ደግሞ፣ የጌዴኦን ዝናብና ጉም የሚያውቅ ሰው የረጠበ ድሬድ ለማድረቅ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ይረዳዋል። ሳይደርቅ የታሰረ እንደ ሆነ ይሸታል።

ነገር ግን ጠጕርን ማቅለም ከውጭ የመጣ ልማድ ነው ብሎ የሚነቅፍ ቢኖር አልቀበለውም። የጌዴኦ ዞን በሚገኝበት በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በደቡብ ኦሞ፣ የሐመር ሴቶች ቀይ አፈርና ቅቤ ለውሰው ጠጕራቸውን እየፈተሉ የመዳብ መልክ ይሰጡታል። የደገኛዋም እመቤት እጅና እግሯን እንሶስላ ትሞቅ ነበር። ማንም ሰው ግን የሐመርን ሴት አይቶ፣ ጠጕሯ ከእናቷ ማሕፀን ጀምሮ ቀይ ነበር ብሎ አይሳሳትም። ቀለሙ ራሱ ቀለም ነኝ እያለ ይናገራል።

መቀጠሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ሠራተኛዋ በኪሮሽ መርፌ እያንዳንዱን ድሬድ ከሌላ ጠጕር ጋር ታያይዘዋለች፤ ሥራው ሲያምር መጋጠሚያው አይታይም። የሚቀጠለው ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል፤ ጥሩው የሚባለው ግን የሰው ጠጕር ነው። በዓለም ገበያ ከሚሸጠው የሰው ጠጕር ከፊሉ የሚመጣው ከህንድ አገር ነው። በዚያ የቲሩማላ ቤተ መቅደስ ተሳላሚዎች ስእለታቸውን ለመፈጸም ይላጫሉ፤ ቤተ መቅደሱም ጠጕሩን በጨረታ ይሸጣል። እንግዲህ እኔ ስእለት የሌለብኝ ሴት፣ ስእለቷን አድርሳ ወደ ቤቷ የገባች የሌላ ሴት ጠጕር ልሸከም ነው። ሸክም ማለቴም ያለ ነገር አይደለም፤ ተቀጥያው ሲከብድ ሥሩን እየሳበ ይነቅላል፤ የተማሪዬን ግንባር ያራቈተውም ይኸው መሳብ ነው። ዋጋውም ቢሆን የወር ደመወዜን እኩሌታ የሚጠይቅ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጊዜው ነው። ጠጕር በወር የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ወገቤ ሊደርስ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይቀረዋል፤ በጸጉር ቤት ግን በአንድ ቀን ያልቃል። የምኖርበት የጌዴኦ ሕዝብ ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና እንሰት አሰባጥሮ እየተከለ፣ ዓመታትን ታግሦ የሚያለማ ሕዝብ ነው፤ ይህንንም መልክዐ ምድር ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦለታል። በእንዲህ ያለ አገር ተቀምጦ የሁለት ዓመት ተኩልን ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ መግዛት ጥቂት ያሳፍራል።

ይህን ሁሉ ለጠጕር ሠሪዬ ባጫወትኋት ጊዜ ሣቀችብኝ። «ባለ ተረከዝ ጫማ ስታደርጊ ቁመትሽን ዋሸሽ የሚልሽ አለ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን የጥንቶቹ ጀግኖች በራሳቸው ላይ ያደርጉት የነበረው ጎፈር ትዝ አለኝ። ጎፈርም እኮ የውሰት ጠጕር ነው፤ ከአንበሳ የተወሰደ ነው። ነገር ግን አንበሳውን ገዳዩ በራሱ ላይ በቀለ ብሎ የሚያምን አልነበረም። ክብሩም ያለው በዚያ ነበር። እንግዲያው ለእኔ ልዩነቱ መዋስና አለመዋስ ሳይሆን፣ የተዋሱትን መደበቅና አለመደበቅ ነው ማለት ነው። የወዳጄን ጫማም ብናየው ተረከዙ ለሁሉም ይታያል።

ስለዚህ ለጊዜው የቈረጥሁት ይህን ነው። በጋው ሲገባ ፀሐዩን ተማምኜ የጥቂቶቹን ጫፍ ብቻ አስቀባለሁ፤ ቢጎዳ ተቈርጦ የሚወድቅ ጫፍ ነውና ሥሩን አይነካብኝም። የጌዴኦ ሕዝብ በዓል ደራሮ ሲደርስ ደግሞ ቀይ የሱፍ ክር ገምጄ እስከ ወገቤ እለቀዋለሁ፤ ክር መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። በማግስቱም እፈታዋለሁ። ተማሪዬ መጥታ ብትጠይቀኝ፣ ቀለሙ የተገዛ፣ ክሩም የበዓል መሆኑን፣ የቀረው ግን የራሴ መሆኑን እነግራታለሁ።

በዚህ ነገሩ አልቋል ብል ግን ሐሰት ይሆንብኛል። በዚህ ሳምንት እንኳ በዚያ ጸጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ አንዲት ወጣት ተቀጥሎ ወገቧን ያለፈ ድሬዷን እያወዛወዘች ወጣች። መጋጠሚያው አይታይም። እጅግ ያምር ነበር። ዞር ብዬ እስክትርቅ ድረስ አየኋት።