ባለእጅ

መምህር ሳለሁ በየዓመቱ የማስተምረው አንድ ልቦለድ ነበር፤ የቻርልስ ዲክንስ «ግሬት ኤክስፔክቴሽንስ»። እ.ኤ.አ. ከ1860 እስከ 1861 በሳምንታዊ መጽሔት እየተቆረሰ የወጣ ነው። ስለ ተምሳሌት ሲነሳ ተማሪዎቼ የሚወዱት የሚስ ሃቪሻምን ቤት ነበር። ሙሽራው በሠርጓ ቀን የከዳት ሴት ሰዓቶቿን ሁሉ፣ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ላይ አቁማ፣ የወየበ ቬሎዋን እንደለበሰች ትኖራለች። የሠርጉ ኬክ ጠረጴዛው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

እኔ ግን ቶሎ ብዬ የማልፈው ሌላ ተምሳሌት ነበር፤ እጅ።

ፒፕ ያደገው በብረት ቀጥቃጩ በጆ ቤት ነው። ኤስቴላ ካርታ ሲጫወቱ በሻካራ እጁና በወፍራም ጫማው ተሳለቀችበት፤ ከዚያ ቀን ወዲያ በገዛ እጁ አፈረ። ጠበቃው ጃገርስ ደግሞ ደንበኞቹን በሸኘ ቁጥር እጁን ሽታ ባለው ሳሙና ይታጠባል፤ የሰው ጉድ እንዳይጣበቅበት ይመስላል። ፒፕ ጌታ ሆኖ ለንደን ሲገባ ጆ ሊጠይቀው ይመጣል። ፒፕ ገንዘብ ከፍሎም ቢሆን ባስቀረው በወደደ። ጆ ያሳደገውን ልጅ «ጌታዬ» ይለዋል።

እዚህ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ እሻገር ነበር። ምክንያቱን ዛሬ ልናገር። የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። በአገራችን እንዲህ ያለውን ሰው «ባለእጅ» እንለዋለን። ቃሉን ላጤነው ምርቃት ይመስላል፤ በአፋችን ግን ስድብ ነው። ማረሻውን ከሱ እንገዛለን፣ ልጃችንን ከዓይኑ እንሸሽጋለን።

ጎጆ በወጣሁ ዓመት አያቴ ራሳቸው የሠሯትን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ መጡ። ከባልደረቦቼ ጋር ነበርኩ። ማን እንደሆኑ ሲጠይቁኝ «የአገር ቤት ሰው ናቸው» አልኩ። አያቴ ሰሙ። ቢላዋዋን ሰጡኝና «እንግዲህ ደህና ይሁኑ» ብለውኝ ሄዱ። ያን ቀን «እርስዎ» አሉኝ፤ እስኪሞቱም ድረስ ዳግመኛ «አንተ» ብለውኝ አያውቁም።

ፒፕ ሚስ ሃቪሻምን ከእሳት ሲያወጣ እጁ ይቃጠላል። ኋላ ታሞ ሲወድቅ የሚያስታምመውና ዕዳውን የሚከፍልለት ያፈረበት ጆ ነው። ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ደርሷል። እኔ አልደረስኩም።

ቢላዋዋ ዛሬም ቤታችን ሽንኩርት ትከትፋለች። እንግዳ «እንዴት ያለች ስለታም ናት! ከየት ገዛሃት?» ሲለኝ፣ «አያቴ ናቸው የሠሯት፤ ባለእጅ ነበሩ» እላለሁ። ይህን አፌን ሞልቼ ለመናገር ግን ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።