ያቺ የአርባ ብር ቱቦ

አማን ያደገ ሰው ዝናብ አይፈራም። በዝናብ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚታይ ወይ አስተማሪ ነው ወይ እንግዳ። እኛ እየበሰበስን ሚዛን ገበያ ሄደን፣ እየበሰበስን እንመለስ ነበር። የምንፈራው መጥቆርን ነበር።

"እኛ" ስንል ሦስት ነን፤ ሁለት እህትማማቾችና አንዲት የጎረቤት ልጅ። ከዚህ በታች የምናወራለት ፊት የማናችን እንደነበረ አንለይም፤ አንዷ ለምናናለች። ደግሞም ሦስታችንም የተቀባነው ከአንድ ቱቦ ነው።

ነገሩ በ2009 ዓ.ም. ነው። የአክስታችን ልጅ ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል፣ እኛ ለሚዜነት ታጭተናል፣ ፊታችን ደግሞ ብጉር በብጉር ነው። አንዲት የመዋቢያ ሱቅ ገባን። ሻጯ ምንም ሳትጠይቀን ትንሽ ቱቦ አወጣችና "ብጉር በሉ ማድያት፣ ጥቁረት በሉ፣ ሁሉንም ታጠፋለች" አለችን። አርባ ብር። አዋጥተን ገዛን።

እውነት ለመናገር ሠራች። ብጉሩ ከሰመ፣ ፊታችን ጠራ። በሰርጉ ዕለት "ቀላችሁ!" ያላለን ሰው የለም። አክስታችን ወደ ጓዳ ጠርታ "ምን ተቀብታችሁ ነው? ለእኔም አምጡልኝ እንጂ" አለችን። አመጣንላት።

ከአራት ወር በኋላ ግን ጉንጫችን ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ይታዩ ጀመር። ፀሐይ ስትነካን ያቃጥለናል። አፋችን ዙሪያ ሽፍታ ወጣ፤ ከላይኛው ከንፈር በላይ ፀጉር በቀለ። ደነገጥንና ተውነው። በተውነው በሳምንቱ ፊታችን ተነፋ፣ ቀላ፣ አሳከከን። ምን አደረግን? ተመልሰን ተቀባን። ወዲያው በረደልን። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ያመጣውን በሽታ መልሶ የሚያስታግሰው ያው መድኃኒት ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሟ ፊታችንን አይታ "ቱቦዋን አምጡ" አለችን። ከቱቦዋ ጀርባ ያለችውን የጉንዳን ፊደል አነበበችልን፦ ክሎቤታሶል ፕሮፒዮኔት። በቆዳ ላይ ከሚቀቡት ስቴሮይዶች ሁሉ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ለጠና ችፌና ለመሳሰለው፣ ለጥቂት ሳምንት፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ያውም ከፊት ውጭ የሚቀባ መድኃኒት ነው። ያ ያማረን "ጥራት" የመጣው የደም ሥሮች ስለሚኮማተሩና ቁጣው ስለሚታፈን ነው። ሲቆይ ቆዳውን ራሱን ያሳሳል። በአንዴ አላስተወችንም። ወደ ደካማው አውርዳ፣ ቀን እየዘለለች፣ ቀስ በቀስ አስጣለችን። ሰባት ወር ፈጀ።

ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን የጎረቤታችን ልጅ ታናሽ ወንድም ነገር ነው። አንገቱ ላይ ጭርት ወጥቶበት ከዚያችው ቱቦ ቀባነው። ማሳከኩ ቆመ፤ ጭርቱ ግን ደረቱ ድረስ ወረደ። ጭርት ፈንገስ ነው፤ ስቴሮይድ የቆዳን መከላከያ ሲያስተኛለት ይፈነጫል፣ ክብ ቅርጹም ስለሚጠፋ ሐኪም ያሳስታል። እንደኛ አገር ዝናቡ በማያባራበት፣ ልብስ በማይደርቅበት ቦታ ፈንገስ መቼም እንግዳ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቆዳ ያገኘነውን ማንበብ ጀመርን። ሳሙና አልካሊ ነው፣ ፒኤቹ 9 እና 10 ይደርሳል፤ ጤነኛ ቆዳ ግን በ5 አካባቢ ያለ አሲድ ነው። እኛ ደግሞ ብጉሩን "ለማድረቅ" ፊታችንን በልብስ ሳሙና በቀን አራቴ እንፈትግ ነበር! ቆዳው ሲቆጣ ብጉር የባሰበት መሰለን። አሁን ማታ ብቻ በለስላሳ መታጠቢያ እንታጠባለን፤ ጠዋት ውኃ ይበቃናል። ለብጉሩ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ፣ ያውም 2.5 በመቶውን፣ በስሱ። (ትራስ ልብስ ያነጣል። የአንዳችን እናት እስካሁን ይቅር አላሉንም።) አዲስ ነገር ስንጀምር አንድ በአንድ ነው፤ የላይኛው ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ስለሚፈልግ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሳንታገስ አንፈርድም።

የኮሪያዎቹን አሥር ደረጃ አልሞከርነውም። የሰው ዝርዝር መገልበጥ እንደማያዋጣ አዲስ አበባ አስተምራናለች። አማን እያለን ቅባት የማይፈልገው ፊታችን፣ ለትምህርት አዲስ አበባ ስንገባ በጥቅምት ነፋስ ተሰነጣጠቀ። ቆዳው ያው ነው፣ አየሩ ተለወጠ። አዲስ አበባ ከታጠብን በኋላ ቆዳው ሳይደርቅ ቫዝሊን በስሱ እንቀባለን፤ ለእረፍት አማን ስንመጣ እንተወዋለን።

ስለ ቀለሙም አንብበናል። ፊትዝፓትሪክ የተባለው አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ቆዳን በፀሐይ አቃጠሎ ሲከፋፍል መጀመሪያ ያሰበው ነጮችን ብቻ ነበር፤ እኛ በኋላ ነው የተጨመርነው። እኛ ግን ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያልን ከእሱ በፊት ስንመዳደብ ኖረናል፤ ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ ከፋውም፣ አማራውም በተቀመጠበት በአንድ ክፍል ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና ሰዎች የቆዳ ቀለም ለክተው ጂናቸውን ሲመረምሩ፣ ለጥቁረትም ለቅላትም ምክንያት ከሆኑት ልዩነቶች አብዛኞቹ ከ300 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው አገኙ። የ300 ሺህ ዓመት ነገር በአርባ ብር ልናጠፋ ነበር።

ማድያትን በተመለከተ፣ ፀሐይ ሳይከለሉ ምንም ቢቀቡ ተመልሶ ይመጣል። ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የሚታየው ብርሃንም ያጠቁረዋል፤ ለዚህ የሚሆነው አይረን ኦክሳይድ ያለበት፣ ቀለም ያለው የፀሐይ መከላከያ ነው። ዋጋው ግን ለተማሪ ኪስ አይደለም። ስለዚህ ባርኔጣና ጃንጥላ። አዎ፣ ጃንጥላ! ሰፈር ውስጥ "እንግዶቹ መጡ" እየተባልን ነው።

አክስታችን እስካሁን አልተወችም። በአንዴ አቁሚ አላልናትም፤ ምን እንደሚከተል እናውቃለን። ሐኪም ዘንድ አብረንሽ እንሂድ ብለን ባለፈው ፋሲካ ለመንናት። ጉንጯ ላይ ያሉትን ክሮች በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ "ሁለተኛዋን ልድርና" አለችን። ሰርጉ ለጥር ነው።