ዲላ በቡና ለቀማ ወራት

ዲላ ተወልዶ በአዲስ አበባ ያስተማርነው፣ ዛሬ ላስ ቬጋስ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ታክሲ እየነዳ የሚኖር አንድ ወጣት፣ ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ ሳለ ስለዚያች ከተማ ብዙ ነገር አጫወተን። በምድረ በዳ መካከል የተሠራች መሆኗን፣ የኔቫዳ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1931 ቁማርን በሕግ ከፈቀደ ወዲህ በዚሁ ሥራ ስሟ በዓለም መታወቁን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንም በዚያ ሠርተው ቤተ ሰባቸውን እንደሚረዱ ነገረን። የመብራቷን ብዛት ያደንቃል፤ ነገር ግን ንጋት ላይ ከቁማር ቤት ወጥተው የታክሲ ዋጋ የሚያጡትን ሰዎች ሲያነሣ ፊቱ ይጠቁራል። በመጨረሻም ፈገግ ብሎ፣ «መምህር፣ ዲላን በቡና ወራት ቢያዩአት ቬጋስን ለማየት ባሕር መሻገር አያስፈልግዎትም» አለን። ቀልዱን በልባችን ይዘን ቆየን።

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባችን ወደ ቤታቸው ስለ ጠሩን፣ በሐዋሳ በኩል አድርገን ወደ ዲላ ወረድን። ከተማዪቱ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ ያለች የገደኦ ዞን ርእሰ ከተማ ናት። የደረስነው መሽቶ ነበርና፣ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ስሜታችን መልካም አልነበረም። የጭነት መኪናዎች በመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል፤ ባጃጆች ጡሩምባቸውን እየነፉ በመካከላቸው ይሽሎከለካሉ፤ ከየመጠጥ ቤቱ የሚወጣው ዘፈን አንዱ ሌላውን ያደነቁረዋል። የኳስ ማሳያ ቤቶቹ በወጣቶች ተሞልተው፣ ሁሉም አንድ ዓይኑን በቴሌቪዥኑ፣ አንድ ዓይኑን በእጁ በያዘው ስልክ ላይ አድርጓል። ጾመ ነቢያት መግባቱን የሚያስታውስ ምልክት ፈልገን ያገኘነው ከወዳጃችን ማዕድ ላይ፣ ቆጮና ጎመን ሲቀርብልን ነው።

በማግሥቱ ከተማዪቱ ሌላ መልክ አሳየችን። በገበያው ውስጥ ዓመቱን በብድር የቆየ ገበሬ ዕዳውን ቆጥሮ ሲመልስ አየን። ሌላው አዲስ ቆርቆሮ በባጃጅ አስጭኖ ወደ መንደሩ ይመለሳል፤ አንዲት እናት ሦስት ልጆቿን በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ጫማ ታስለካለች። ይህን ሁሉ ቁማር ብሎ መጥራት ግፍ መስሎ ታየን።

ወዳጃችን ግን በዚህ አልተስማሙም። «የቡናችን ዋጋ የሚቆረጠው እዚህ አይደለም» አሉን። በኒው ዮርክ ገበያ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. አንድ ፓውንድ ቡና ከግማሽ ዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። በቬትናምና በብራዚል ምርት ሲትረፈረፍ የገደኦ ገበሬ ይከስራል፤ ብራዚልን ድርቅ ሲመታት ይጠቀማል። የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በዚያው በክፉው ዘመን በ1994 ዓ.ም. መቋቋሙ፣ መንግሥታችንም ስለ ይርጋ ጨፌ ስም በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ከተባለው ኩባንያ ጋር መስማማቱ፣ ይህን ያልታወቀ ዕድል ጥቂት ለመግራት ነው።

በሦስተኛው ቀን ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ ወጣን። እኛ በጤፍና በበሬ አገር ያደግን ስለሆንን፣ ዓይናችን እርሻ ሲፈልግ ያገኘው ጫካ ነው። ቀንበር የለም፤ ማረሻ የለም፤ ገደላገደሉ ሁሉ በእጅ መሣሪያ ይለማል። ከላይ ዋንዛና ብርብራ ጥላቸውን ይዘረጋሉ፤ ከዚያ ሥር እንሰቱ ሰፊ ቅጠሉን ይከፍታል፤ ከእንሰቱም ዝቅ ብሎ ቡናው ቀልቶ ይታያል። ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በዚህ ምድር ዛፉ እንዴት ሳይመነጠር ቀረ ብለን ብንጠይቅ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ «ዛፉ ከሄደ አፈሩ ይሄዳል፤ ቡናው ለገበያ ነው፣ እንሰቱ ለቤት ነው፤ ገበያው ቢከዳን ቤታችን አይከዳንም» ሲሉ መለሱልን። ዩኔስኮ ይህን መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያው ምድር ከቆሙት እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች መካከል ሳካሮ ሶዶ በተባለው ስፍራ ያሉት፣ በቅርብ ዓመታት በወጣ ጥናት እስከ መጀመሪያው ምዕት ዓመተ ምሕረት ድረስ የሚደርስ ዕድሜ እንዳላቸው ታውቋል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በ1,000 ዓመት ያህል ይበልጣል።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን ቤቱ ፀጥ ብሎ ቆየን። የወዳጃችን የ19 ዓመት ልጅ፣ የእሸት ቡና ዋጋ ከማጠቢያው ጣቢያ ተቀብሎ እንዲመጣ ተልኮ ነበር። ገንዘቡ እኅቱ ወደ ተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ለምትሄድበት መንገድና ለመኝታዋ ልብስ የታሰበ ነው። ልጁ ግን በስልኩ በእንግሊዝ የኳስ ግጥሚያ ላይ አስይዞት ኖሯል። ከ15 ግጥሚያ 14ቱ እንዳሰበው ሆኑለት፤ አንዲቱ ስትቀር ሁሉ ቀረ። አባት አልመቱትም፤ አልተቆጡትምም። እራታቸውን ሳይበሉ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ።

ልጁን ከአጠገባችን አስቀምጠን፣ «ልጄ፣ ምን አገኘህበት?» አልነው።

«መምህር» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «አባቴ ቡናውን ዛሬ ሸጦ ነገ ዋጋው ቢጨምር ይከስራል፤ አቆይቶት ዋጋው ቢወድቅም ይከስራል። እርሱስ እየተወራረደ አይደለምን? ሐዋርያትስ በይሁዳ ፋንታ ሰው ሲተኩ ዕጣ ጥለው የለምን?»

የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መሆኑን ዐወቅን። ሐዋርያት ጸልየው ለአገልግሎት ዕጣ ጣሉ እንጂ የእኅታቸውን ስንቅ አላስያዙም አልነው። «አባትህም ቢከስር ዛፉ ይቀርለታል፤ ለከርሞ ያፈራል። አንተ ያስያዝኸው ገንዘብ ምን ተክሎ ሄደ?» ብለን ጨመርንበት። መልሳችን ለራሳችን ደስ ብሎን መሐረብ ልናወጣ እጃችንን ወደ ኪሳችን ብንከት፣ በሐዋሳ መናኸሪያ የገዛነው የሎተሪ ትኬት አብሮ ወጥቶ ወደቀ። ልጁ አንሥቶ በሁለት እጁ ሰጠን። አልሳቀም፤ ቢስቅ በቀለለን ነበር።

የመመለሻችን ቀን የገበያ ቀን ነበር። የቤቱ እመቤት ገና ሳይነጋ ተነሥተው ከጓሮው ጉድጓድ ቆጮ አወጡና በእንሰት ቅጠል ጠቀለሉት። «የልጅቱ መንገድ ከዚህ ይወጣል፤ መኝታው ቆይቶ ይላክላታል» አሉን እንጂ ስለ ጠፋው ገንዘብ አንድ ቃል አልተናገሩም። ልጁ ሸክሙን ተቀብሎ በትከሻው አድርጎ ፊት ፊታቸው ሄደ። አውቶቡሳችን በገበያው ዳር ሲያልፍ በመስኮት አየነው፤ ከእናቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ፣ ዋጋ ከምትቀንስበት ገዢ ጋር ሲከራከር ነበር።