ከታቦር ጫፍ የታየ

በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ሳለን፣ የሥነ ምህዳር የመስክ ጉዟችን ጎህ ሳይቀድ ከአራት ኪሎ ይነሳ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ድንኳን፣ መረብና ዕፅዋት የምናደርቅበት አሮጌ ጋዜጣ ይጫናል። መንገዱም ትምህርት ነበር። የፔሊካንን ነገር የሰማነው በሻላና በአቢያታ ሐይቆች መካከል ቆመን ነው። ጎጆዋን ትሠራ የነበረው ሻላ ደሴቶች ላይ ነው፤ ሻላ ግን በቂ ዓሣ ስለሌለው ለቀለብ ወደ አቢያታ ትሻገር ነበር። አቢያታ ሲሸሽና ጨዋማነቱ ሲበረታ ዓሣው ተመናመነ፤ የሻላ ጎጆም አብሮ ተራቆተ።

ሐዋሳ ባደርን ማግስት መምህራችን ወደ ሐይቁ አልወሰዱንም። «ዕቃውን ተዉት፤ ዛሬ የምትለኩት በዓይናችሁ ነው» ብለው የታቦርን ተራራ አስወጡን። ጫፉ ላይ ሲደረስ በአንድ ወገን ሐይቁ ተዘርግቷል፤ በሌላው ከተማው፣ ከከተማው ባሻገር ጨለለቃ የተባለው ረግረግ፣ ከዚያ ወዲያ የወንዶ ገነት ተራሮች። ከተራሮቹ የሚወርዱት ጅረቶች ጨለለቃ ላይ ያርፋሉ፤ ከደለላቸው ብዙውን እዚያ ጥለው በጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁን ይቀላቀላሉ። ከሐይቁ ደግሞ የሚወጣ ወንዝ የለም። ተራራው ላይ ዛፍ ሲቆረጥ ሐይቁ ለምን እንደሚደፈርስ ያን ጠዋት ገባን።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የተጀመረው። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ከበውን የቆሮሶና የአምባዛ ሆድ እየከፈትን የበሉትን መዘገብን። በጀልባ ገብተን ጥቁርና ነጭ ሰሃን በገመድ እያወረድን የውሃውን ጥራት ለካን። ወንዶ ገነት ላይ 20 በ20 ሜትር ገመድ ዘርግተን የዝግባና የዋንዛ ግንድ በደረት ከፍታ ለካን፤ ማታ ፍል ውሃው ድካማችንን አወጣልን።

ታቦር ላይ ሳለን መምህራችን ወደ ጨለለቃ እያመለከቱ «እኔ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ያ ክፍት ውሃ ነበር» ብለውናል። እኛ ግን በደብተራችን «ረግረግ» ብለን ጽፈን አለፍን። ለእኛ ጨለለቃ ከጥንትም ረግረግ ነበር።

በቅርቡ ታቦርን ብቻዬን ወጣሁ። ጨለለቃ ውስጥ ፊላና ደንገል የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ይግጣል። አጠገቤ የቆመውን ወጣት ስለ ረግረጉ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ድሮም ግጦሽ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ ያገኘሁትን የመጀመሪያው አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ሐይቅ ረግረግ፣ ረግረግ ግጦሽ ሲሆን ማንም ያላለቀሰው፣ እያንዳንዱ ትውልድ ያየው የራሱን ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ነው።

በእነዚያ ጉዞዎች የነበራችሁ ሁሉ፣ ደብተሮቻችሁን ከሳጥን አውጡ። ቀን፣ ቦታና የዛፍ ስም ያለበት አንድ ገጽ እንኳ ቢሆን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ጨለለቃ ምን እንደነበረ የሚመሰክርልን እሱ ነው።