ለእናቴ የማንበቢያ መሣሪያ ስመርጥ

እህቶቼ፣ እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዛሬ መነጽር አድርጋም የመጽሐፍ ፊደል ይጠፋባታል። ስለዚህ ከቁጠባዬ ባለ 6 ኢንች ኪንድል ገዛሁላት። ዓይን አይወጋም፤ አንዴ ኃይል ከሞላ ሳምንታት ይቆያል። «እሰይ ልጄ» ብላ ተቀበለችኝ። በወሩ ግን በነጠላ ተጠቅልሎ ከሣጥኗ ውስጥ አገኘሁት። እንዳላዝን ብላ መደበቋ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። የጫንኩላት የአማርኛ መጽሐፍ ገጹ እንዳለ በፎቶግራፍ የተነሣ ነበር። እንዲህ ያለው ፊደሉ ሲጎላ መሥመሩ አብሮ አይታጠፍም፤ ገጹን ወዲያና ወዲህ እየጎተቱ ማንበብ ግድ ይላል። «ሉ»ን ከ«ሊ» ለመለየት የሚቸገር ዓይን ይህን እንዴት ይችላል? ደግሞስ ሳልጠይቃት መግዛቴ!

ለሁለተኛው ራሷን ይዤ ሄድኩ። ሻጩ የካሜራውን ጥራት ለእኔ ይዘረዝራል፤ ባለቤቲቱ አጠገቤ ቆማለች። እሷ ባለ 10 ኢንቹን ታብሌት አንሥታ፣ «ይከብዳል፤ ግን ጭን ላይ ይቀመጣል» አለች። ያንኑ መጽሐፍ አስከፍታ አንድ ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። እናንተም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ወላጆቻችሁ የሚወዱትን መጽሐፍ እዚያው አስከፍቱ።

የታብሌቱ ኃይል ቶሎ ያልቃልና ማታ ማታ ቻርጅ ማድረጉ የኔ ሥራ ሆኗል።