ነፍስ ያወቅንባቸው መጻሕፍት

መጽሐፉን ስንገዛው ሽፋን አልነበረውም። ለገሀር አጠገብ አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ልጅ ከመኪና ጥገና መጽሐፍና ጊዜ ካለፈባቸው መጽሔቶች መካከል ሸጉጦት ነበር። 1988 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 20 ብር ጠራ፤ እኛ የገጾቹን መላላጥ እያሳየን 12 ላይ አወረድነው። አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበርንና ለያንዳንዳችን 3 ብር ደረሰን። የተማሪ ሦስት ብር ያን ጊዜ ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ጸሐፊው ጁልያን ጄይንስ ይባላል፤ በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ የሰው ልጅ በልቡ ከራሱ ጋር መነጋገር የጀመረው መቼ ነው ብሎ ይጠይቃል፤ ከ3,000 ዓመት ግድም ወዲህ ነው ብሎም ይመልሳል። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ከተማ ቢቆረቁሩም፣ ቢያርሱም፣ ቢዋጉም «ምን ባደርግ ይሻላል?» ብለው አያወጡም አያወርዱም ነበር። ከአንጎላቸው ቀኝ ክፍል የሚመነጭ ድምፅ ይሰማሉ፤ ድምፁን የአምላክ ትእዛዝ ነው ብለው ይፈጽማሉ። ለዚህም የሆሜርን ኢሊያድ በምስክርነት ይጠራል። ብዙ ሊቃውንት ሐሳቡን አልተቀበሉትም። እኛም አልተቀበልነውም፤ እንቅልፍ ግን ነሣን።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ የተጨቃጨቅነው በአንዲት ቃል ነው። ጄይንስ የሚመረምረውን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? ሁለቱ ጓደኞቼ «ንቃተ ኅሊና» አሉ። እኔ ቃሉ የደርግን የውይይት ክበብ ሽታ ገና አልለቀቀም ብዬ ተቃወምሁ፤ በልጅነታችን «ንቃት የጎደለው» ማለት የቀበሌ ስብሰባ የቀረ ሰው ማለት ነበርና። አራተኛችን ከዋሸራ የቅኔ ቤት ወደ አስኳላ የተሻገረ ልጅ ነበር፤ «የኔታ» እያልን ነበር የምንጠራው። እስኪደክመን ዝም ብሎ ጠበቀና «እናቶቻችሁ ‹ልጄ ነፍስ ዐወቀ› ሲሉ ሰምታችሁ አታውቁም?» አለን።

ነፍስ ማወቅ። ሕፃኑ ራሱን ከሌላው ለይቶ፣ ትናንትን ከዛሬ አያይዞ ማስታወስ ሲጀምር የምንለው ይኸንኑ አይደለም? ለሰባት ቀን መዝገበ ቃላት ስናገላብጥ የቆየነው ቃል በየቤታችን ምድጃ ዳር ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ማናችንም በጄይንስ ፊት «ንቃተ ኅሊና» አላልንም።

የኔታ እንደኛ በቀይ እስክሪብቶ አያሰምርም። በእርሳስ፣ በደቃቃ የቁም ጽሕፈት፣ በገጹ ጠርዝ ላይ «አንድም» ብሎ ይጀምራል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ንባብ አንድም እያሉ በየፈርጁ እንደሚፈቱት፣ እሱም ፕሪንስተን ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ በጎጃም ልማድ ይፈታው ነበር። አንዱ ማስታወሻው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ጄይንስ ግጥምና ዜማ የዚያ የጥንቱ የአማልክት ድምፅ ቅሪት ናቸው በሚልበት ምዕራፍ ዳር «ይህ ሰው በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈውን በሐመሩ ሐ ጽፎታል» ብሎ ነበር። ግእዝ ለማያውቅ ልተርጕም፦ በብዙኃኑ ሲጻፍ ኀለየ ማለት ዐሰበ ነው፣ ኅሊናም ከዚያ ይወጣል፤ በሐመሩ ሲጻፍ ግን ሐለየ ዘመረ ይሆናል፣ ማሕሌትም የእሱ ልጅ ነው። አንድ ሙሉ ምዕራፍ በሁለት ፊደል ተገሠጸ።

ጄይንስ ከብሉይ ኪዳን ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን አቁሞ ያነጻጽራል። አሞጽ ድምፅ የሚሰማ የጥንት ሰው ነው፤ መክብብ ደግሞ ከራሱ ጋር የሚመክር አዲስ ሰው። የኔታ ሁለቱንም በቃሉ የያዘ ያህል ያውቃቸዋልና እዚህ ላይ ተቆጣ። «ዳዊትንስ የት ሊያደርገው ነው?» አለ። ዳዊት ድምፅም ይሰማል፣ ነፍሱንም ጠርቶ ያነጋግራል፤ በአንድ መዝሙር ውስጥ ሁለቱም ሰው ነው። ይህን የሰማነው በሌሊት፣ ከመኝታ ክፍላችን ውጭ ኮሪደር ላይ፣ ብርድ ልብስ ለብሰን ነው። ይህን መልስ በኋላ ካነበብኋቸው የጄይንስ ተቺዎች በአንዱም ላይ አላገኘሁትም። እውነት ለመናገር፣ ብዙም አልፈለግሁም።

ሌሎች መጻሕፍት መግዛት የማይታሰብ ስለነበረ ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንሄድ ነበር። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ቤቱ ደግሞ ጃንሆይ ለዩኒቨርሲቲያችን የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። መጽሐፍ ወደ ቤት አይወሰድም ነበር። ከእንጨት መሳቢያ ካርዱን ፈልገህ፣ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ሞልተህ ትሰጥ ነበር፤ ከዚያ ቁጭ ብለህ መጠበቅ ነው። የሚያስፈልግህን በእጅህ ትገለብጣለህ። ጣት ያማል። የገለበጥሁት ግን ከአእምሮዬ አልወጣም።

እዚያ ነው ክላውድ ሰምነርን ያገኘነው፤ ሰውየውን ሳይሆን አምስቱን ቅጽ ማለቴ ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኵሴ በ1953 እ.ኤ.አ. መጥተው ብዙ ዘመን ከእኛው ጋር ኖሩ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። «የኢትዮጵያ ፍልስፍና» ያሉትን ሥራ በ1974 ጀምረው በ1982 እ.ኤ.አ. አምስተኛውን ቅጽ አወጡ። አንጋረ ፈላስፋ አለበት፣ የዘርዓ ያዕቆብና የወልደ ሕይወት ሐተታ አለበት፣ ፊሳልጎስ አለበት። ስክንድስም አለበት፤ እናቱን ፈትኖ ለሞት ስላበቃት አንደበቱን ለዘላለም የዘጋው፣ ንጉሥ ሲጠይቀው በጽሑፍ ብቻ የሚመልሰው ጠቢብ። ሰምነር ከነዚህ አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ መሆናቸውን አልደበቁም፤ የሀገሬው ተርጓሚ ግን ሲተረጕም ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያጣፍጣል፣ በዚያም የራሱን ያደርገዋል ባይ ናቸው። የኔታ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። የእርሳሱ ሥራ ስም ተገኘለት።

ትልቁ ጠብ ግን በፈላስፋው በዘርዓ ያዕቆብ ላይ ነበር። በአክሱም አጠገብ ከገበሬ ቤት ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ተከስሶ ሸሸ፤ ዳዊቱን ይዞ ሁለት ዓመት በዋሻ ተቀመጠ፤ በኋላ እንፍራንዝ ሀብቱ ከሚባል ሰው ቤት ሆኖ እየጻፈ ኖረ። ሃይማኖቶች ሁሉ እኔ ብቻ እውነተኛ ነኝ ካሉ ዳኛው ማን ይሁን? ዳኛው ፈጣሪ በሰው ላይ ያበራው ልቡና ነው ይላል ሐተታው። ኮንቲ ሮሲኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ሊቅ በ1920 እ.ኤ.አ. ተነሥቶ ይህ ሰው ጨርሶ አልነበረም፣ ጸሐፊው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ። ሰምነር ተከራከሩለት። ክርክሩ ዛሬም አልሞተም፤ አንድ ማታ ከመካከላችን የተሸነፈው ሻይ የጋበዘበት ክርክር ነው፤ ማን እንደከፈለ አልናገርም። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነው። ሐተታው እንደሚተርከው ሰውየው የተሰደደው ኢየሱሳውያን በንጉሡ ዙሪያ በበረቱበት ዘመን ነው፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ጠበቃ የቆመለት ደግሞ ኢየሱሳዊ!

እዚያው ያነበብነው የአሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ መንዝ ላይ ተቀምጦ ያጠናውን ይዟል። ለእኛ ለከተማ ልጆች ራሳችንን በሰው መስታወት እንደማየት ነበር፤ ደስም አለን፣ ከነከነንም። የኔታን ግን አላስደነቀውም። «ሰምና ወርቅ አንዱ የቅኔ መንገድ ነው፤ ኅብሩስ? ውስጠ ወይራውስ?» ብሎ አለፈው።

የኔታ በጽሞና የተቀመጠለት ዋልተር ኦንግ ነው፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ ቃልና ስለ ጽሕፈት የጻፈው ሌላኛው ኢየሱሳዊ። ጽሕፈት የሰውን አስተሳሰብ ራሱን ይለውጠዋል ይላል፤ ጽሕፈት የሌለው ሰው ዕውቀቱን እንዳይጠፋበት በተለመደ አባባል እየደጋገመ ያኖረዋል። የኔታ ሁለት ማታ አሰበበትና መለሰ። በቅኔ ቤት ተማሪው ከዛፍ ሥር ሆኖ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፤ ፊደሉን ያውቃል፣ ግን አይጽፍም። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። ነገ ያንኑ ልድገመው ቢል ነውር ነው፤ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ በየቀኑ አዲስ መሆን አለበት። «ታዲያ እኔ ከየትኛው ወገን ነኝ?» አለ፤ «ከጻፉት ወይስ ካልጻፉት?» ኦንግ በሕይወት ነበር ያን ጊዜ። ደብዳቤ እንጻፍለት ተባብለን የማን እንግሊዝኛ ይሻላል በሚለው ተጣልተን ቀረ።

ዛሬ እነዚህ ሁሉ መጻሕፍት በስልኬ ውስጥ አሉ። ጄይንስም ሽፋኑን ለብሶ፣ አንድ ገጽ ሳይጎድለው ተቀምጧል። ስከፍተው ጠርዙ ባዶ ነው፤ ነጭ፣ ንጹሕ። አሥር ገጽ እንኳ ሳልሄድ እዘጋዋለሁ። አንዱ ጓደኛችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አንዱን ሞት ቀደመው። የኔታ ጎጃም ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል፤ ባለፈው ፋሲካ ደውዬ በዚያ መጽሐፍ ላይ የጻፍኸውን ታስታውሰዋለህ ወይ ብለው ሳቀ። «የተነገረ ቅኔ ይደገማል እንዴ፣ ወንድሜ?» አለኝ።

መጽሐፉን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በ1990 ዓ.ም. የፈተና ሳምንት ለአንድ የክፍላችን ልጅ አዋስሁት፤ ስሙ ይቅር። ለሦስት ቀን ነበር ያለኝ። ምናልባት ተሽጦ፣ ተመልሶ ለገሀር መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሌላ ሰው ገዝቶት ይሆናል። ሽፋን የለውም፤ ጀርባው በካኪ ወረቀት ተለጥፏል፤ በጠርዙ ላይ በእርሳስ «አንድም» የሚል ይበዛበታል። መጽሐፉ እጅህ የገባ አንባቢ፣ እሱን አልጠይቅህም፣ ያንተ ይሁን። ጠርዞቹን ብቻ፣ እርሳሱ ሳይደበዝዝ፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።